ሁለት ደብዳቤ፣ አንዲት ነጠብጣብ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በልብስ ሰፊው ሱቅ ውስጥ የነበሩት አራት ሰዎች ናቸው። ለሰፈሩ ምክር ቤት የምትወዳደረው አዋላጅ፣ ባለ ሱቁ ልብስ ሰፊ፣ አገሬው «ጋሼ ብዕር» የሚላቸው ጡረተኛ ጸሐፊ፣ እና ማንም ሳይጠራው የመጣው አታሚ።

አርብ ማለዳ ሱቁ ሲከፈት ደብዳቤዎቹ አልነበሩም።

ከጣቢያ የተላከችው ሳጅን ስትደርስ አዋላጇ የመተኮሻው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ መሀረብ ታጣምማለች።

«ምን ጠፋ?» አለች ሳጅኗ።

«አንድ ከረጢት ደብዳቤ። ለየቤቱ አንድ አንድ። የሰፈሩ ሰዎች ተከፋፍለው የጻፉልኝ፤ ሁሉም በእጅ።»

«በእጅ? ለምን አላሳተማችሁትም?»

«እስቲ እውነቱን ንገሪኝ፣ እህቴ። የታተመ የምርጫ ወረቀት ቤትሽ ሲመጣ ምን ታደርጊዋለሽ?»

ሳጅኗ አሰበች። የተቀናቃኙ የሲሚንቶ ነጋዴ ባለ ቀለም ወረቀት ባለፈው ሳምንት ደርሷት ነበር። አሁን አራት ላይ ታጥፎ ከሚወዛወዘው የምግብ ጠረጴዛዋ እግር ሥር ነው። ሰውዬው ፎቶው ላይ እየሳቀ ጠረጴዛ ይሸከማል።

ፈገግታዋን ዋጠች። አዋላጇ ግን ገባት።

«አየሽ? በእጅ የተጻፈን ግን ሰው ሣጥኑ ውስጥ ያኖረዋል። ይኼ ነበር የእኔ ሀብት። ነገ ካልታደለ፣ ከነገ ወዲያ እሑድ ምርጫ ነው። አለቀልኝ።»

ሳጅኗ ወደ በሩ ዞረች። ጓጉንቸሩ ተከፍቶ ማጠፊያው ላይ ተንጠልጥሏል። ጎንበስ ብላ አየችው። በቁልፍ ቀዳዳው ዙሪያ፣ ዶሮ ጥሬ ስትፈልግ እንደጫረችው መሬት፣ አዲስ ጭረት ሞልቷል።

«ቁልፉ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ከጉበኑ በላይ» አለ ልብስ ሰፊው።

«ማን ያውቃል?»

«የማያውቅ ማን አለ? ሰፈር እኮ ነው።»

ሳጅኗ እጇን ሰደደች። ቁልፉ ቦታው ላይ ነበር።

ከመጻፊያው ጠረጴዛ ሥር የተጨማደደ ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት ተገኘ። ጥግ ላይ የአውራ ጣት አሻራ በጥቁር ቀለም ታትሞበታል። እንዲህ ያለ ቀለም በሰፈሩ ውስጥ የሚነካ እጅ አንድ ብቻ ነው።

«አታሚው!» አለ ልብስ ሰፊው። «እኔስ ምን ብዬ ነበር! ትናንት እዚህ ቆሞ ሲጮህ አልነበረም? ‹በዚህ ዘመን በእጅ ይጻፋል? አሳትሙት!› አለ። እሷ እምቢ ስትለው፣ ‹እንግዲያው ይቃጠልላችሁ!› ብሎ ወጣ። ሲመሽ ደግሞ በብብቱ ጥቅል ይዞ በዚህ መንገድ ሲጣደፍ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«እሱ ከወጣ በኋላ ምን ሆነ?»

«ምንም» አለች አዋላጇ። «‹ነገ ከመታደሉ በፊት ቁጭ ብለን አንድ በአንድ እናነባቸዋለን፤ የማልችለውን ቃል የገባልኝ ጸሐፊ እንዳይኖር› አልኳቸው። ተሳሳቅንና ዘግተን ወጣን።»

የጣቢያው አዛዥ ነገር ማርዘም አይወድም። አታሚው ተያዘ። ኪሱ ሲፈተሽ ለማተሚያ ሥራው የሚይዘው ቀጭን ጉጠት ተገኘ።

«ይኸው መክፈቻው!» አለ አዛዡ። «ጓጉንቸሩን በዚህ ነው የጎረጎረው። የምርጫ ወንጀል ነው። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል፤ ማተሚያ ቤቱም ይታሸጋል።»

ሳጅኗ አታሚውን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችው። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጥፍሩ ሥር ቀለም የማይለቀው ጎልማሳ ነው።

«ትናንት ሲመሽ የት ነበርክ?»

«ሰው ቤት።»

«ማን ቤት?»

«የሰው።»

«ሰውየው ስም የለውም?»

«አለው። እኔ አልናገረውም።»

«በብብትህ ምን ነበር የያዝከው?»

«ወረቀት ነዋ። አታሚ ሽንኩርት ይዞ አይዞርም።»

«ቀልዱን ተወው። ማተሚያህ እኮ ሊታሸግ ነው።»

 ሰውየው ዓይኑን ከእሷ አላነሣም።

«ከረጢቱን አልነካሁም፣ ሳጅን። ከዚህ በላይ ከእኔ አፍ የሚወጣ ነገር የለም።»

ሌባ ሲጠየቅ ብዙ ያወራል። ይኼኛው አፉን ዘግቷል። ነገሩ ሳጅኗን ከነከናት።

ጋሼ ብዕር ቤት ስትሄድ አጎንብሰው ተቀብለዋት ወንበር በዓይናቸው አሳዩዋት። ዕድሜ ልካቸውን የሰፈሩን ማመልከቻና አቤቱታ የጻፉ ሰው ናቸው። የእሳቸውን ጽሑፍ ያየ ሹም ሳያነብ ይፈርማል ይባልላቸው ነበር። ለአዋላጇም የወንዝ ዳሩን ሰፈር ደብዳቤ በሙሉ «ለእኔ ተዉት» ብለው የወሰዱት እሳቸው ናቸው።

«ልጁን አሰራችሁት?» አሉ ገና ሳትቀመጥ።

«አዎ፣ ጋሼ። ያዩት ነገር ይኖር ይሆን?»

«ምንም አላየሁ።» እጃቸው ከኮት ኪሳቸው አልወጣም። «እሱ ጨዋ ልጅ ነው። ምንም አላየሁ።»

የሰጡትን ቃል ጽፋ ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። «እንግዲያው እዚህ ይፈርሙልኝ።»

«መነጽሬን የት እንዳኖርኩት... ነገ ይሁን፣ ልጄ።»

መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነበር። ሳጅኗ አየችው። ሰው ሲያረጅ ይረሳል ብላ አለፈችው።

ከዚያ ወደ ወንዝ ዳር ወረደች። ከከረጢቱ አስቀድሞ የወጣ ደብዳቤ ካለ ማየት ፈለገች። መጠየቅም አላስፈለጋትም። አንዲት ልብስ አጣቢ ገና ሳጅኗን ስታይ ደብዳቤዋን ከደረቷ አወጣች።

«እኔን ለይታ ነው የጻፈችልኝ! እይው! ‹በሌሊት በርዎን አንኳኩቼ የገባሁበትን ቀን አልረሳውም› ትላለች። እውነቷን ነው፤ የበኩሬን ያዋለደችኝ በሌሊት ነው።»

ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤቷ የአትክልት ሻጭ ጭንቅላት ብቅ አለ።

«ምን ለይታ ለይታ ትያለሽ? ለእኔም ጽፋልኛለች። የእኔንም በሌሊት ነው ያዋለደችው።»

«ያንቺማ በጠራራ ፀሐይ ነው! ጩኸትሽ ገበያ ድረስ ተሰምቶ የለ እንዴ!»

«እስቲ ሁለቱንም ስጡኝ» አለች ሳጅኗ፣ ሳቋን እንደምንም ይዛ።

ደብዳቤዎቹን የልብስ መዘፍዘፊያው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን አኖረቻቸው። ያማረ የእጅ ጽሑፍ ነው። መካከል ላይ አንድ ቃል ተሰርዟል። ከስርዙ ጫፍ የጫጩት እግር የመሰለች የቀለም ነጠብጣብ አለች።

ሁለተኛውን አየች። እዚያው ቦታ ላይ፣ ያው ቃል ተሰርዟል። ከስርዙ ጫፍ ያችው የጫጩት እግር።

ገልብጣ ጀርባውን በጣቷ ዳሰሰችው። ብዕር የተጫነበት ምልክት የለም። ልሙጥ ነው።

ሰው ሁለት ጊዜ ሊሳሳት ይችላል። ሁለት ጊዜ ግን እንዲህ ተመሳስሎ አይንጠባጠብበትም።

«እንዴ!» አለች አጣቢዋ በትከሻዋ በኩል አጮልቃ። «ስህተቷም ታትሟል እንዴ?»

«ማን ነው የሰጣችሁ?»

«ጋሼ ብዕር ናቸዋ። ረቡዕ በዚህ ሲያልፉ፣ ‹እስቲ ቅመሱት› ብለው ለሁለታችን ሰጡን።»

ሳጅኗ መንገድ ላይ ቀስ ብላ ሄደች። መጠቅለያው ወረቀት አታሚው ሲሰርቅ የጣለው አይደለም። የታተሙት ደብዳቤዎች ተጠቅልለው የመጡበት ነው። አታሚው ስሙን ያልጠራው ሰውም ተገለጠላት። የቁልፍ ቀዳዳው ላይ ያለው ጭረት ግን የምን ነበር? በጉጠት የሚከፍት ሰው ቀዳዳው ውስጥ ይጎረጉራል። ይኼኛው ዙሪያውን ነው የጫረው። ትክክለኛውን ቁልፍ ይዞ ቀዳዳውን ያጣ ሰው ነው።

ወይ ሰካራም ነው፤ ወይም...

ሱቁ ጎራ ብላ ጓጉንቸሩንና ቁልፉን ተዋሰች።

ጋሼ ብዕር በሩን ሲከፍቱላት ፊታቸው አመድ መስሏል። ሳጅኗ ጓጉንቸሩን ቆልፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቁልፉን አጠገቡ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይክፈቱልኝ።»

 ሽማግሌው እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። እጃቸው ነፋስ እንደሚያወዛውዘው ቅጠል ይንቀጠቀጣል። ቁልፉን ያዙ። በግራቸው ቀኛቸውን ደገፉ። ቁልፉ ጓጉንቸሩን ጫረ። እንደገና ጫረ። ቀዳዳውን አላገኘውም።

«ይበቃል፣ ጋሼ» አለች ሳጅኗ። ያደረገችው ነገር አሳፈራት።

ቁልፉን አስቀመጡ።

«ካመመኝ ወዲህ ነው። ‹ለእኔ ተዉት› ስላቸው ይሻለኛል ብዬ ነበር። አንዷን ብቻ ሙሉ ቀን ታግዬ ጻፍኩ። ቃል ሰረዝኩባት፤ ቀለም ጠብ አለብኝ። ሁለተኛ መጻፍ አልቻልኩም። ልጁን ለመንኩት። ያችኑ አባዝቶ አተመልኝ፤ ለማንም እንዳይናገር አስማልኩት። ትላንት እሷ ‹አንድ በአንድ እናነባለን› ስትል አንድ ዓይነት ስርዝ፣ አንድ ዓይነት ነጠብጣብ ሊያዩ ነው አልኩ። ‹ጋሼ ብዕር አለቀላቸው› ሊባል ነው አልኩ።»

«የራስዎን ብቻ ለምን አልወሰዱም?»

«ከረጢቱ በገመድ ታስሯል፣ ልጄ። በዚህ እጅ እንዴት ልፍታው? አቅፌው መጣሁ። ያኑ ዕለት ሲመሽ ልጁ የቀሩትን አትሞ ይዞልኝ መጣ። ከረጢቱ አልጋ ሥር ነበር። አልነገርኩትም።»

«ሊያቃጥሉት ነበር?»

ደነገጡ። «የሰው እጅ ጽሑፍ ይቃጠላል እንዴ? ገመዱን እንደምንም ፈትቼ የሌሎቹን ነገ በማለዳ ሱቁ በር ላይ ልጥለው ነበር። ስለ ልጁ መታሰር ስጠይቅሽ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። አፌም እንደ እጄ ከዳኝ።»

ከረጢቱ ከአልጋው ሥር ወጣ። ገመዱ አልተነካም።

ሳጅኗ ከረጢቱን ተሸክማ ከሽማግሌው ጋር ሱቁ ገባች። አዋላጇ ከረጢቱን ስታይ ቀድሞ የወረደው እንባዋ ነው። ከረጢቱን ዳበሰችው፣ አቀፈችው። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን የሰማችው። ልብስ ሰፊው ሊናገር አፉን ሲከፍት በዓይኗ ዘጋችው። ሄዳ የሽማግሌውን እጅ ያዘች።

«ይህ እጅ የዚህን ሰፈር እሮሮ ሁሉ ጽፏል» አለች። «ይንቀጥቀጥ፤ መብቱ ነው።»

«አሳፈርኩሽ።»

«ቢነግሩኝ ኖሮ አሳትመው ነበር፣ ጋሼ! አሁንም የታተመውን ታትሟል ብለን እንሰጣለን፤ ሰው አናታልልም። ከላይ ግን የየቤቱን ሰው ስም እርስዎ ይጻፉ።»

«ይጣመማል።»

«ይጣመም። የሲሚንቶ ነጋዴው የጻፈው ጠማማ ስም ካለ ያሳየን።»

ሳጅኗ ወደ አዛዡ ተመለሰች።

«ከሳሽ?» አለ አዛዡ።

«የለም፣ ጌታዬ። ትታዋለች።»

«ሌባስ?»

«የለም። ዕቃው ሳይጎድል ተገኝቷል።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ደብዳቤ ሳነብ።»

አዛዡ አጉረመረመ፤ የመፍቻው ወረቀት ላይ ግን ፈረመ። አታሚው ጉጠቱንና ቀበቶውን ተረከበ። ደጃፍ ሲደርሱ ሳጅኗ አቆመችው።

«ነገ ፍርድ ቤት ልትቆም ነበር እኮ! ለምን ዝም አልክ?»

«አባቴ ያለ ጥፋቱ ታስሮ በነበረ ጊዜ አቤቱታውን የጻፉለት እሳቸው ናቸው። አንድ ስርዝ አልነበረበትም። በዚያ ወረቀት ነው የተፈታው።»

«ሐሙስስ ያ ሁሉ ጩኸት ምን ነበር? ሥራ ፍለጋ አልነበረም?»

አታሚው አንገቱን አከከ።

«እሷ ‹እሺ፣ ይታተም› ብትል ጋሼ ያርፉ ነበር። ልለምናት ነበር የሄድኩት። ልመና አልችልበትም፤ ጩኸት ሆኖ ወጣ።»

ሳጅኗ ሳቀች። 

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ብዕር በሱቁ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የወንዝ ዳሩን ሰዎች ስም ጻፉ። አታሚው ወረቀቱ እንዳይንሸራተት ጫፉን ይዞላቸው ዋለ። አጣቢዋና አትክልት ሻጯ የቀደመውን ይዘው መጥተው ስማቸውን አስጻፉበት፤ የማን ስም ይበልጥ ያምራል ብለውም ተጣሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደብዳቤው ለየቤቱ ደረሰ።

እሑድ አዋላጇ ተመረጠች። ሰኞ ልብስ ሰፊው የቁልፉን ቦታ ቀየረ፤ ማክሰኞ ሰፈሩ ሁሉ አወቀው።