ሳይመሽ ነገ የሚለው ሰዓት

«ይኼኛውን ውሰጂ» አለች መሲ በክርኗ እየጎሰመቻት። «እንዴት እንደሚያበራ አታይም እንዴ? አስረሽው ክፍል ስትገቢ ሁሉም ነው ዞሮ የሚያይሽ።»

ዓይናዲስ ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለው የጋሽ አንሙት ጠረጴዛ ላይ አጎንብሳ ሁለት የእጅ ሰዓቶችን ተራ በተራ ታያለች። ጋሽ አንሙት ራዲዮም ይሁን ፋኖስ፣ ብቻ አሮጌ ይሁን እንጂ የማይሸጠው ነገር የለም። አንደኛው ሰዓት ጥቁር ፊቱ እንደ ተወለወለ ጫማ ያብረቀርቃል። የሁለተኛው ነጭ የነበረ ፊቱ ወይቦ ቅቤ መስሏል፤ አካሉም ጭረት በጭረት ነው።

ዓይናዲስ ከገጠር፣ ከሮብ ገበያ አካባቢ መጥታ ከመሲ ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። በሞዴል ፈተናው ቀን በባትሪ የሚሠራው የፕላስቲክ ሰዓቷ መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ገና ብዙ ጊዜ ያላት መስሏት ስትረጋጋ የሂሳቡ ወረቀት ከእጇ ተሰበሰበ። አሁን የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ደርሷል፤ ስልክ ይዞ መግባት ደግሞ የለም። አባቷ በስሟ የተያዘችውን በግ ሸጠው ብሩን ሲሰጧት «ሌላ በግ የለንም፤ አይተሽ ግዢ» ብቻ ነው ያሏት። በእጅ የሚሞላ ደህና አሮጌ ሰዓት እንደማይከዳ ታውቃለች። ክረምቱን ሙሉ የአባቷን የሞተ ሰዓት ስትፈታና ስትገጥም ነው የከረመችው። ዛሬ ብትሳሳት ግን ፈተናው ላይ ባዶ እጇን ነው የምትቀመጠው።

«እሱ ኦሪጅናል ነው» አለ ጋሽ አንሙት ጥቁሩን ወደ እሷ እየገፋ። «እንደ አዲስ ነው።»

«እኔን ያጠራጠረኝም እንደ አዲስ መሆኑ ነው፣ ጋሼ። እስቲ ይዩት። ፊቱ ትናንት የተቀባ ይመስላል፤ የሰዓትና የደቂቃ ቆጣሪዎቹ ጫፍ ላይ ያለው ነጠብጣብ ግን ጠቁሯል። እኩዮች ከሆኑ አንዱ ብቻ ለምን አረጀ?»

መሲ አንገቷን አስግጋ አየች፤ ዓይናዲስ በጣቷ እያሳየች ቀጠለች።

«ጽሑፉም ወፍሯል። እዚህ ጋ ደግሞ ቀለሙ የደቂቃዋን መስመር ውጧታል። ፋብሪካ እንዲህ አይሠራም፤ ኋላ የተቀባ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰዓት ልትገዢ ነው ወይስ እኔን ልትመረምሪ የመጣሽው?» አለ ጋሽ አንሙት፤ ድምፁ ግን ቁጣ አልነበረበትም። «እኔም ሲያበራ አይቼ ነው የተሸወድኩት።»

«እንደ መሲ ማለት ነው» አለች ዓይናዲስ። መሲ ቆነጠጠቻት።

የወየበውን አነሣች። ፊቱም፣ ቁጥሮቹም፣ የቆጣሪዎቹ ነጠብጣብም አንድ ዓይነት መልክ ይዘው ነው ያረጁት። ጭረቱ ብዙ ነው፤ የአካሉ ጠርዝ ግን እንደ ሾለ ነው። ማንም አልሞረደውም ማለት ነው። ሞላችውና ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች። የደጀን ተሳፋሪ የሚጠራው ረዳት ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቀች። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። በጎኑ አዙራ እንደገና አዳመጠች። አሁንም አንድም አልተሰናከለም።

«እሱን ተይው» አለ ጋሽ አንሙት። «ቀኑ ተበላሽቷል። እዚች መስኮት ውስጥ ያለችው የቀን ቁጥር ገና ሳይመሽ ነገ ትላለች፤ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ዘላ ቁጭ። ለዚህ ነው በርካሽ የምሸጠው። ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ሲሸጡልኝም በዚሁ ነው ዋጋ ያወረድኩባቸው። የሟች ባላቸው የቄሱ ነበር። ‹እርሳቸው እንዲህ ነው የሚወዱት፤ አይነካ ይሉ ነበር› አሉኝ። የተበላሸ ነገር ምኑ ይወደዳል?»

ዓይናዲስ ጎኑ ላይ ያለችውን መሙያ ሳብ አድርጋ ቆጣሪዎቹን ማዞር ጀመረች። አሥራ ሁለት ላይ ሲደርሱ ቁጥሯ ወደ አሥራ ሰባት ዘለለች። እንደገና አሥራ ሁለትን አለፉ፤ ቁጥሯ ንቅንቅ አላለችም። በሦስተኛው ወደ አሥራ ስምንት ዞረች። የልጅቷ ፊት ፈካ።

«ምን አገኘሽ?» አለች መሲ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ ዝም በያ። በርካሽ ይዘነው እንጥፋ። ተበላሸ ያለው ራሱ ነው፤ አንቺ ምን አገባሽ?»

ዓይናዲስ ሰዓቱን እያየች ዝም ለማለት ሞከረች። አልሆነላትም።

«ጋሼ፣ ሰዓቱ ደህና ነው» አለች። መሲ ሽቅብ ወደ ሰማይ አየች። «የሠሩት ፈረንጆች የማታ አሥራ ሁለት ሲሉ እኩለ ሌሊት ማለታቸው ነው። ቁጥሯ ሰው ተኝቶ እንድትዞር ነው ያሰቡት። እኛ ግን በራሳችን አቆጣጠር አስተካከልነው፤ የኛ አሥራ ሁለት ደግሞ ጀምበር ስትገባ ነው። በሁለት ዙር፣ ማለት በቀን አንዴ ብቻ ነው የምትዘለው፤ ይኸው ይሞክሩት። ቄሱም ወደው ነው። ለቤተ ክርስቲያን ከሠርክ በኋላ ያለው የነገ አይደል? ለዚህ ነው አይነካ ያሉት።»

ጋሽ አንሙት ተቀብሏት ራሱ አዞረ። ደግሞ አዞረ። ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «እኔ እኮ ስንቱን ገዢ በዚህ ሰበብ መለስኩ። በይ እንግዲህ፣ ደህና ከሆነ ዋጋውም ደህና ነው።» የጠራው ዋጋ በመሐረቧ ቋጥራ ከያዘችው ብር በላይ ነበር።

«አላልኩሽም?» አለች መሲ።

ዓይናዲስ ግን አልጨረሰችም። «መሙያውንም ይዩት እንጂ፣ ጋሼ። አካሉ ነጭ ነው፣ መሙያው ቢጫ። ከጎኑ ጋር አልገጠመም፤ የሌላ ሰዓት ነው። ውሃ ስለሚያስገባ ዝናብ ሲመጣ ማውለቄ ነው። ደህናውን ስነግርዎ ጨመሩ። ጉድለቱን ስነግርዎ ደግሞ ይቀንሱልኝ።»

አጠገባቸው ባጃጁን አቁሞ ሲሰማ የቆየ ሾፌር ሳቀ። «ጋሽ አንሙት፣ ዛሬስ ተያዝክ።»

ጋሽ አንሙት መሙያዋን በጥፍሩ ነካካት። መሐረቡን አየ፣ ልጅቷን አየ። «መሐረቡን ፍቺው» አለ በመጨረሻ። «ያለሽን ስጭኝና እሰሪው።»

ማሰሪያው ለእጇ ሰፋ፤ መጨረሻው ቀዳዳ ላይ ግን ልክ ሆነላት። መሲም የጓደኛዋን ክንድ ከፍ አድርጋ ለባጃጁ ሾፌር አሳየችው፤ ራሷ የመረጠችው ይመስል።

«ስሚ» አለ ጋሽ አንሙት ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ብሎ። «ደምበጫ አንድ ሰውዬ ሙሉ ሣጥን አሮጌ ሰዓት አለው። ከፈተናሽ በኋላ ከጓደኛሽ ጋር መጥታችሁ እዩልኝ። ያየሽውን በጆሮዬ ሹክ ትይኛለሽ።»

«እመጣለሁ። ግን ለሻጩም ጮክ ብዬ ነው የምናገረው።»

«እንግዲያ እኔ ምን አተርፋለሁ?»

«የተቀባ አይገዙም።»

ጋሽ አንሙት ጥቁሩን ሰዓት አንሥቶ አገላበጠው፤ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ሳይመልስ ኪሱ ከተተው። «በመጀመሪያው መኪና ነው የምንሄደው» አለ።

መሲ ወደ ቤት መንገድ ጀምራ ነበር። ዓይናዲስ ግን ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።

«ወይዘሮ ወለተ ኪዳን ቤታቸው በየት በኩል ነው?»

«ቄሱ ያገለግሉበት ከነበረው ቤተ ክርስቲያን ጀርባ» አለ ጋሽ አንሙት። «ምነው?»

«ደግሞ ምን ልትያቸው ነው?» አለች መሲ።

«ቄሱ ልክ ነበሩ ልላቸው» አለች ዓይናዲስ፤ እጅጌዋንም ሰዓቱ እንዲታይ ሰብሰብ አድርጋ ሽቅብ መንገዱን ያዘች።