ሦስተኛው መጋጠሚያ

«ሉሊት! በራ ወይስ ገና ነው?»

ሶፊ ከገንዳው ዳር ጮኸች። ዛሬ አሥራ አምስተኛ ልደቷ ነው። ዘጠኝ የክፍል ልጆች ፎጣቸውን ተከናንበው በታኅሣሥ ብርድ እየተንዘፈዘፉ ይጋፋሉ። ሁሉም የሚሻሙት አንድ ቦታ ነው፤ ከማሞቂያው የሚመጣው ሙቅ ውሃ ወደ ገንዳው የሚገባበት ቀዳዳ።

«አንድ ደቂቃ!» አለች ሉሊት ከማሞቂያው ክፍል አንገቷን ብቅ አድርጋ። ሳምንቱን ሙሉ «የኛ ሆቴል ገንዳ ሶደሬን ያስንቃል» እያለች ጉራዋን ስትነዛ ነው የከረመችው። ደስታው እግሯን መሬት አላስረግጣት ብሏል።

እናቷ ተሻለች የሆቴሉ ቴክኒሻን ናት። በየሦስት ወሩ ጋዙን ዘግታ ማቃጠያውን ትፈታና በብሩሽ ታጸዳለች። ዛሬም ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት አንድ ሙሉ የሸረሪት ቤተሰብ አስወጥታለች። «ያለ ሪዘርቬሽን ነው የገቡት!» ብላ ሉሊትን በሳቅ ገደለቻት።

ከዚያ ጋዙን መልሳ ከፈተችና በጣሳ የሳሙና አረፋ ከብሩሽ ጋር ለሉሊት ሰጠቻት። ሦስቱን የቧንቧ መጋጠሚያዎች መቀባት ነው፤ ጋዝ የሚያፈስ ካለ አረፋው ይነፋል። ሉሊት ሁለቱን ቀባች። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ የነሶፊ ባጃጆች ጡሩምባ እየነፉ ግቢውን ሞሉት። እየሮጠች ወጣች።

ስትመለስ እናቷ «ሦስቱንም?» አለቻት።

«ሦስቱንም!»

ተሻለች ለተፈተሸው መጋጠሚያ ሁሉ አንድ አንድ፣ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ሦስት መስመር አሰመረች።

«አቦ ለኩሺው እንጂ፣ ተሼ!» አሉ አሁን ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ሚኪያስ ከበሩ ላይ። «ካርዱ እኮ ተፈርሟል!»

ተፈርሟል። በሩ ላይ የተንጠለጠለውን የጥገና ካርድ ጋሽ ሚኪያስ ገና በመስከረም እስከ ጳጉሜን ድረስ ፈርመው ጨርሰውታል።

«ጋሼ፣ ጳጉሜን ላይ ምን እንደሚሆን ካወቁማ ጸበል ይርጩን» አለች ተሻለች እየሳቀች። «እኔ የማምነው ልጄን እንጂ ካርድዎን አይደለም።»

ሉሊት መሳቅ አቃታት። ውጭ ልጆቹ መቁጠር ጀምረዋል። «አምስት! አራት!» የእናቷ ጣት ማብሪያው ላይ አረፈ።

«ሦስት!»

«እማ፣ ቆይ!» የእናቷን እጅ ያዘች። «ሦስተኛውን… አልነካሁትም።»

ተሻለች ጣቷን አነሳች። ልጇን ትንሽ አየቻት፤ ከዚያ የሳሙናውን ጣሳ አቀበለቻት። ጋሽ ሚኪያስ ካርዳቸውን ቀና ብለው አዩት።

«ሉሊት! ኧረ በረዶ ሆንን! በራ?»

ሉሊት ሦስተኛዋን የጠመኔ መስመር በአውራ ጣቷ አጠፋች።

«ገና ነው!» ብላ ጮኸችና ብሩሹን አረፋው ውስጥ ነከረችው።