ተራራው ላይ ንብረት አለኝ

ዙሮገብን የማያውቅ ሰው ተራራ ይለዋል። እኛ ቡሬ አካባቢ ያደግን ግን መንገድ ነው የምንለው። ከወንዙ መሻገሪያ ተነስቶ በገደሉ በኩል ሽቅብ ይወጣል፤ የአስታውን ቁጥቋጦና የጓሳውን ሣር አልፎ አናቱ ላይ ካለችው የደንጊያ ጎጆ ይደርሳል፤ ከዚያ በጀርባው ወርዶ፣ ዞሮ ዞሮ እዚያው መሻገሪያው ላይ ይጥልሃል። ጎጆዋን አንድ መነኩሴ መንገደኛ በረዶ እንዳይመታው ብለው ሠሯት ይባላል። እኔንም ከንብረት ጋር ያገናኘኝ በረዶ ነው።

ጊዜው ግንቦት 1930 ዓ.ም. ነበር። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀምጧል። የአባቴን ቀፎዎች አይቼ ስመለስ በረዶው ወረደብኝ። ሮጬ ጎጆዋ ውስጥ ስገባ አንድ ባለ ጎፈሬ ወጣት ጠመንጃውን ታቅፎ ተቀምጧል። አርበኛ መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያሻም ነበር።

«አትፍሪ» አለኝ።

«ማን ፈራ? ይልቅ ቦታ ልቀቅልኝ።»

ተነስቶ ደረቁን ጥግ ለቀቀልኝና እሱ ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል ተቀመጠ። ውኃው ጎፈሬውን አርሶ አፍንጫው ጫፍ ላይ ሲንጠባጠብ ሳቄ አመለጠኝ። ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ አየኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። ምን ልደብቅ፣ የወደድኩት ያን ጊዜ ነው።

ስወጣ «ስምሽን ሳትነግሪኝ?» አለ።

«አቻምየለሽ። ያንተሳ?»

«ንብረት።»

ከዚያ ወዲህ ቀፎ ማየት በዛብኝ። አባቴም በትጋቴ ደስ አለው። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ግን እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ አዋጅ ተነገረ። ያለ ይለፍ ወረቀት ዙሮገብ ላይ የተገኘ ሰው ይተኮስበታል፤ ተራራው ላይ ከብት ወይም ቀፎ ያለው ሰው ምሽጉ በር ሄዶ ወረቀት ያውጣ ተባለ።

በማግሥቱ ሄድኩ። የበሩ ሹም ደረሰ የሚባል ባንዳ ነበር፤ አዲስ ጫማውን በጨርቅ ይወለውላል። ከጎኑ ጸሐፊው መሪጌታ ክንፈሚካኤል ተቀምጠዋል። እኒህ ሰው ቅኔ ቤት ዕድሜያቸውን የፈጁ ናቸው፤ አሁን ለእንጀራቸው ሲሉ ለጣሊያን ይጽፋሉ።

«ተራራው ላይ ምን አለሽ?» አለኝ ደረሰ፣ ከጫማው ቀና ሳይል።

«ንብረት አለኝ።»

የመሪጌታ ብዕር ቆመ። ሰሙን አልፈው ወርቁ ጋ መድረሳቸውን ከዓይናቸው አወቅሁ። ፊቴን ግን አላዞርኩም።

«የራስሽ ነው ወይስ የአባትሽ?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«የራሴ ነው። አባቴ ገና አልሰሙም።»

«ይገባኛል የሚል ሌላ ሰው የለም?»

«ቢኖርም አልሰጥም።»

«ሳታይው ከሰነበትሽ ይጎዳል?»

«የምጎዳው እኔ ነኝ።»

«ምን ያነታርክሃል፣ ጻፍላትና ትሂድ» አለ ደረሰ።

መሪጌታ ፊታቸውን ወረቀቱ ላይ ደፍተው፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ጻፉ፤ «አቻምየለሽ እጅጉ ንብረቷን ለመጠበቅ በየቅዳሜው ወደ ዙሮገብ እንድትወጣ ተፈቅዶላታል።» ምሽጉ ውስጥ ያለው ጣሊያን አለቃ ማኅተሙን መታበት።

ቅዳሜ ወረቀቱን ለንብረት አሳየሁት። ሲያነብ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ።

«ጣሊያን ዳረን በይኛ።»

«አልዳረንም። እኔን ዘበኛህ አደረገኝ እንጂ።»

እንዲህ እያልን ክረምቱ አለፈ። በማር ማሰሮ ውስጥ ቆሎና ድርቆሽ እየደበቅሁ እወጣለሁ፤ የምሽጉ ዘበኞች ወረቀቴን አይተው ያሳልፉኛል። አንዳንድ ቅዳሜ በሩ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ቡሬን ቁልቁል እያየን ዝም ብለን እንውላለን። አገሬ ሁሉ ተይዞ ያ ዝምታ ብቻ ያልተያዘ ይመስለኝ ነበር።

ኅዳር ላይ ደረሰ እኔን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነገሩን ለማሳመር ብሎ፣ «ልጅቱ ባዶ እጇን አትመጣም፤ ተራራው ላይ የራሷ ንብረት እንዳላት ደረሰ ነግሮናል» አለ።

አባቴ እጅጉ በሕይወቱ ውሸት አይወድም። «እግዜር ያሳያችሁ፣ ቀፎዎቹ የኔ ናቸው። ልጄ ተራራው ላይ አንዳችም ንብረት የላትም» አለ።

ይህንኑ ለደረሰ አደረሱት። ባንዳ ይሁን እንጂ እሱም የጎጃም ልጅ ነው። ቃሉን አንድ ሁለት ጊዜ ለራሱ ደጋግሞ ሲለው ንብረት የሰው ስም መሆኑ ገባው። በማግሥቱ ደጃችን ላይ መጥቶ ቆመ።

«ንብረትሽን ቅዳሜ ይዘሽልኝ ውረጂ» አለኝ። «ጠመንጃውን ካስረከበ ነፍሱን እምራለሁ። አንቺ እኔ ቤት ትገቢያለሽ። ከቀራችሁ ግን ይህን ቤት አቃጥለዋለሁ።»

እሱ ሲርቅ አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ተራራው ላይ ያለው ሰው ደግ ነው?»

«ደግ ነው፣ አባየ።»

ምሰሶውን በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገ። «እንግዲያው ሂጂ፤ እንዳትመለሽ። ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ እሠራለሁ። አንቺን ግን ደግሜ አልሠራሽም።»

«አንቱሳ?»

«እኔ ላሟን ይዤ እንደሚሆን እሆናለሁ።»

ቅዳሜ ጎጆዋ ደርሼ ሁሉንም ለንብረት ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ተነስቶ ጠመንጃውን አነገተ።

«ልውረድ። በኔ የተነሳ የአባትሽ ቤት አይቃጠልም።»

በሩ ላይ ቁጭ አልኩና እግሬን ዘረጋሁ።

«ተነሽ፣ አቻምየለሽ።»

«ከፈለግህ ተሻገረኝ።»

በተዘረጋ የሰው እግር ላይ መሻገር በእኛ አገር ነውር መሆኑን ያውቃል። ቆመ።

«እንዲህ አታድርጊኝ። ብወርድ እኮ አንቺ በሕይወት ትኖሪያለሽ።»

«ደረሰ ቤት መኖርን ነው ሕይወት የምትለው? እኔ ይህን ሁሉ ገደል የወጣሁት አንተን ለማስረከብ አይደለም።»

እሱ እንደቆመ፣ እኔ እንደተቀመጥኩ ፀሐይ አናታችን ላይ ወጣች። ያኔ ከታች ጢስ ተነሳ። ደረሰ ቀኑ እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀም። ያ ቤት እናቴ እኔን የወለደችበት፣ የሞተችበትም ነው። አለቀስኩ። ከበሩ ግን አልተነሳሁም።

ንብረት ጠመንጃውን አስቀምጦ አጠገቤ ተቀመጠ። የነጠላዬን ጫፍ ይዞ እንባዬን ጠረገልኝ። «ምን ቀረሽ እንግዲህ?» አለ።

«አንተ።»

የደረሰ ሰዎች በገደሉ በኩል እንደሚመጡ ገምተን በጀርባው ወረድን። አርበኞች ወዳሉበት ወደ ሽንዲ የሚገነጠለው መንገድ ጋ ስንደርስ አንድ ሰው ላም እየሳበ ሲወጣ አየን፤ አባቴ ነው። ጋቢው ጥላሸት ለብሷል። ንብረትን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«ሽማግሌ ሳይልክ ልጄን የወሰደው ይኸ ነው?»

ንብረት ጠመንጃውን መሬት አኑሮ ጉልበቱን ሊስም ጎነበሰ።

«እሱ አልወሰደኝም፣ አባየ» አልኩ። «እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

አባቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየ። ከዚያ የላሟን ገመድ ለንብረት አቀበለውና ፊት ፊት እየሄደ የሽንዲን መንገድ መራን።