ሦስት አውንስ የጎደለ

ሬሳው እንደ ዕቃ ታሽጎ ነበር። በአሜሪካዋ ታከር ከተማ በአንድ መጋዘን፣ ዕቃ በሚጫንበት የእንጨት ፓሌት ላይ ተቀምጦ፣ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ አናቱ በግልጽ ላስቲክ ደጋግሞ ተጠቅልሏል። ፊቱ ላይ ያለው ላስቲክ ብቻ በቢላዋ ተቀዷል። በቅዳዱ የሚታየውን ፊት ለማለት ያስቸግራል። ግንባሩ ወደ ውስጥ ሰርጓል፤ አንድ ዓይኑ ፈሷል፤ የፊት ጥርሶቹ ታችኛው ከንፈሩ ላይ እንደ ተበተነ ሩዝ ቀርተዋል። አጠገቡ አምስት ኪሎ የሚመዝን የብረት የሚዛን ድንጋይ ወድቋል። ደም ብቻ ሳይሆን ፀጉርም ይዟል።

መርማሪ ሐምራዊት በሩ ላይ ቆማ አየችው። ሊልበርን ከተማ ያደገች፣ በአውራጃው ፖሊስ አሥራ አንድ ዓመት የሠራች ሴት ናት። ድምጿ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሰዎች ሊሰሟት ብለው ይጠጓታል፤ ሲጠጓት እጃቸውን ታያለች።

«ብዙ አትድከሚ» አለ ሳጅኑ። «ሟቹ ተገኝ ይባላል። የሐበሻ ቀሚስና በርበሬ በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ነው። ገዳዩ መኪናዬ ውስጥ ካቴና ገብቶለት ተቀምጧል። ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ አውራጃው እስር ቤት እወስደዋለሁ።»

«በምን አወቅህ?»

ሳጅኑ በጣቱ እየቆጠረ ነገራት። ጠረጴዛው ላይ ያለው ማተሚያ ስምንት የፖስታ ሌብሎች፣ ሣጥን ላይ የሚለጠፉ የአድራሻ ወረቀቶች፣ አውጥቷል፤ በኮምፒውተሩ መዝገብ በአሜሪካው ሰዓት ከጠዋቱ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ አራት ይላል። ሰውዬው እስከዚያ በሕይወት ሆኖ ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው። እህቱ ዘጠኝ ከሃምሳ ላይ ሞቶ አገኘችው። በመካከሉ ግቢው ውስጥ የነበረው አሻጊው ብቻ ነው፤ እጁም ቢላዋውም በደም ተነክሯል።

«ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ላስቲኩ ሙቀቱን አፍኖ ስለያዘው ሰዓቱን መወሰን አልችልም ነው የሚለው።»

ሐምራዊት ጓንቷን አጥልቃ ተንበረከከች። ስምንቱ ሌብሎች ሳይቆራረጡ እንደ ምላስ ተንጠልጥለው ጫፋቸው ወለሉ ላይ፣ ደሙ መካከል አርፏል። ጫፉን በሁለት ጣቷ አነሳችው። ወረቀቱ ከታች ንጹሕ ነበር፤ ትንሽ የደረቀ ቅርፊት ብቻ እንደ ዝገት ረግፎ ወደቀ።

ከዚያ የሟቹን ቀኝ እጅ አየች። ላስቲኩ ውስጥ ጭብጥ እንዳለ ቀርቷል። በጣቶቹ መካከል ኮረሪማ ይታያል።

አሻጊው ፍቅረማርያም የስልሳ ዓመት ሰው ነው። በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ ጎንበስ ብሎ ተቀምጧል። ሐምራዊት በሩን ከፍታ በአማርኛ ሰላም ስትለው ዓይኑን ጨፈነ።

«ጋሽ ፍቅረማርያም፣ የሆነውን ይንገሩኝ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ገባሁ። ጓሮ ውስጥ ካርቶን አራግፍ ነበር። ጠዋት ተገኝ ሲያሽግ ማንም አይገባበትም፤ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ብቻውን ነው የሚሠራው። ኋላ ዘውድነሽ ስትጮህ ሮጥኩ። መሞቱን በምን ላውቅ? ታፍኖ መሰለኝ። ይተንፍስ ብዬ ላስቲኩን ቀደድኩት።» ካቴና የገባለትን እጁን አየ። «ልጄ፣ ባለቤቴ ብዙነሽ… ዘጠኝ ዓመት ጠብቃ፣ ወደዚህ የምትመጣበት ወረቀት የሚጠናቀቀው በሚቀጥለው ወር ነው። በነፍስ ከተከሰስኩ ማን ያመጣታል?»

«ከተገኝ ጋር ተጣልታችኋል?»

«ተጣልተናል። ዕቃውን ተረክቦ፣ አሽጎ ለሚልክ ድርጅት ልስጠው ነው አለኝ። ታዲያ እኔስ ብዬ ጮህኩበት። አልዋሽሽም።»

«ኮምፒውተሩን ይጠቀሙበታል?»

«እኔ? መክፈቻውንም አላውቀው።»

ዘውድነሽ የሟቹ እህትና የንግድ ሸሪኩ ናት። ማታውን በነርስነት ከሠራችበት ሆስፒታል ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወጥታ በቀጥታ የመጣችው ወደዚህ ነው፤ የሥራ ልብሷን አልቀየረችም።

«ድርጅት መምረጡ ሁለት ወር ፈጀብን» አለች። «ትእዛዙ በዝቶ አልቻልንም። በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። አንዱ ማሪዬታ ከተማ ያለው ትልቁ ድርጅት ነው፤ ኤልቃና የሚባል ልጅ ነው ወኪሉ። ሌላው ጋሼ ሀብቶም፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ፣ እዚሁ ታከር መጋዘን ያላቸው። ተገኝ ለሁለቱም ለሙከራ ዕቃ ሰጣቸው፤ ሌብል እንዲያወጡም የኢንተርኔት ሱቁን የይለፍ ቃል ሰጣቸው።»

«ከስልክም ማውጣት ይቻላል?»

«ከየትም። ማተሚያው እዚህ ያወጣዋል።»

ሐምራዊት ከጠረጴዛው ሥር ያገኘችውን፣ ከገዢ ተመልሶ የመጣ፣ የላኪው ስም የተቀደደ ካርቶን አሳየቻት። ውስጡ ነጭ ቀሚስ አለ። ዘውድነሽ ጠርዙን ገልብጣ ፈለገች፤ እንደገና ፈለገች። ከዚያ ቀሚሱን እንደ ቆሻሻ ጣለችው።

«የእኛ አይደለም! ተገኝ ለሙከራ በሰጠው ቀሚስ ሁሉ ከጠርዙ ውስጥ ቀይ ክር ሰፍቶበታል። ይሄ የመኪና ሽመና ነው። የእኛን የእጅ ሽመና አስቀርተው ይሄን ልከዋል።»

«ከሁለቱ የትኛው?»

«አልነገረኝም። ትናንት በስልክ፣ እሑድ በሰው ፊት አወጣዋለሁ ብቻ አለኝ። ጉድ ታያለሽ አለኝ።»

ኤልቃና ከማሪዬታ የደረሰው እኩለ ቀን ላይ ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ ጫማው ያበራል፤ ላስቲኩን ሲያይ ወጥቶ ግድግዳ ሥር አስመለሰ።

«ሶሪ፣ ሶሪ። ላይክ፣ ትናንት አውርቼው ነበር እኮ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«ሃይዌይ ላይ። ትራፊክ ነበር። ብቻዬን ነበርኩ። ኦኬ፣ ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ።»

ቦርሳውን ከፍቶ የዋጋ ማቅረቢያውን ሰጣት። ሐምራዊት መስመር በመስመር አነበበችው፤ አንዱ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይሄ ሠላሳ አምስት ሳንቲም የምንድነው?»

ልጁ ቀላ። «አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ሲያሽግ አየሁት። የምጨምረው ነገር ካለ መጻፍ አለብኝ፤ ሥራዬ ነው። ተገኝ ሲያየው በሳቅ ሞተ። ‹ለዚህም ታስከፍላለህ? እናትህ ገበያ ወስዳህ አታውቅም?› አለኝ።»

ሐምራዊት ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው።

ሀብቶም ደግሞ ሳይጠሩት መጣ፤ ለቅሶ ሊደርስ። ሽበታም፣ ግርማ ያለው ሰው ነው። ዘውድነሽን አቅፎ ጸለየላት። ሐምራዊት እስኪጨርስ እጇን አጣምራ ጠበቀች።

«ጋሼ ሀብቶም፣ ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ከስምንት ተኩል እስከ አሥራ አንድ ሊልበርን፣ የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ላይ። ስድስት ሰው ይመሰክራል። ከዚያ በፊት ቤቴ።»

«የተገኝን ዕቃ መያዝ ይችሉ ነበር?»

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ? የአገሬን ልጅ ዕቃ እኔ ካላወቅኩት ማን ሊያውቀው ነው? ያ ማሪዬታ ያለው ብላቴና ቀሚስና ፎጣ አይለይም። እኔ ዝርዝሩን ላክልኝ አልኩት፤ ላከልኝ፤ አለቀ። ሠላሳ ዓመት አሽጌያለሁ።»

«መጥተው ሲያሽግ አላዩትም?»

«ማሸግ ትምህርት ቤት ይገባል እንዴ?» አለና ፈገግ አለ። ሐምራዊት እጆቹን አየች። ንጹሕ ናቸው፤ ጥፍሮቹ ሥር ድረስ ተፍቀዋል።

ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ አራቱንም በመጋዘኑ የፊት ክፍል፣ በሁለተኛው የማሸጊያ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ፍቅረማርያም እጆቹ ከፊቱ በካቴና ታስረው፣ ሳጅኑ ክንዱን ይዞት ቆሟል። ግድግዳው ሥር መደርደሪያ አለ፤ ቀሚስ፣ የታሸገ በርበሬ፣ ካርቶን፣ ጥግ ላይ አፉ የተከፈተ ጆንያ። ጠረጴዛው ላይ ሚዛን።

«ልቸግራችሁ ነው» አለች ሐምራዊት፤ ሁሉም ሊሰሟት ቀረብ አሉ። «ዛሬ ከወጡት ስምንት ሌብሎች የመጀመሪያው አንድ ቀሚስና አንድ በርበሬ ነው። ያንን ትእዛዝ ልክ ተገኝ እንደሚያሽገው እያንዳንዳችሁ አሽጉልኝ። ሌሎቻችሁ ፊታችሁን አዙሩ። በዕድሜና በክብር ጋሼ ሀብቶም ይቅደሙ።»

«ሰው ሞቶ ጨዋታ!» አለ ሀብቶም። ግን ቅድሚያ ሲሰጡት እምቢ ማለት አልለመደም። እጅጌውን ሰበሰበ። ቀሚሱን በአንድ እጁ አጠፈ፤ በርበሬውን ላስቲክ አልብሶ ከሥር አስቀመጠ፤ የመጋዝ ጥርስ ባለው የፕላስተር መሣሪያ ሣጥኑን በሁለት ምት ዘጋው። እውነትም ሠላሳ ዓመት ያሸገ እጅ ነው። ሚዛኑ ላይ አኖረው።

«ሁለት ፓውንድ ከሦስት አውንስ» ብላ ሐምራዊት ጻፈች። «ይቀጥሉ፣ እህት ዘውድነሽ።»

ዘውድነሽ እያለቀሰች ቀሚሱን፣ በርበሬውን ከተተች። ከዚያ ሳታስበው እጇ ወደ ጆንያው ሄደ፤ አንድ ጭብጥ ኮረሪማ ዘግና በትንሽ ከረጢት ቋጠረችና ቀሚሱ ላይ አኖረችው። ሁለት ፓውንድ ከስድስት አውንስ። ኤልቃናም ፕላስተሩን አጣሞ፣ ላብ ጠምቆት፣ ግን ኮረሪማውን ጨምሮ አሸገ። ሁለት ከስድስት። ፍቅረማርያም ካቴናውን እያንቀጫቀጨ ከሁሉ በፊት የሄደው ወደ ጆንያው ነበር።

«አሁን ዙሩ» አለች ሐምራዊት።

አራቱ ሣጥኖች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል።

«ሳጅኑ ተገኝ ዘጠኝ ከአሥራ አራት ላይ በሕይወት ነበር ብሎ አምኗል፤ ሌብሎቹን አይቶ። ነገር ግን ሌብሎቹ ወለሉን ሲነኩ ደሙ ቀድሞ ደርቆ ነበር፤ ወረቀቱ አልራሰም። የጋሽ ፍቅረማርያምን እጅ የነከረው ላስቲኩ ሥር ታፍኖ ሳይደርቅ የቀረው ነው። ተገኝ ከዚያ ሁለት ሰዓት ገደማ ቀድሞ ሞቷል። ገዳዩ ሬሳውን በላስቲክ የጠቀለለውም ለጭካኔ ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱን አፍኖ ሐኪሙን ለማሳሳት ነው። ቀጥሎ ሌላ ቦታ፣ ሰው መካከል ተቀምጦ፣ በስልኩ ስምንት ሌብል አወጣ። የሚችሉት ሦስት ሰዎች ናቸው። ዘውድነሽ፣ ኤልቃና፣ እና እርስዎ፣ ጋሼ።»

«ስሜን ከሬሳ ጋር አታንሺው!»

«ሌብል ሲወጣ ክብደት ይጻፋል። ተገኝ ሳይመዝን አይልክም ነበር። የዛሬዎቹ ስምንቱም፣ እሱ ይጽፍ ከነበረው እያንዳንዳቸው ሦስት አውንስ ይጎድላሉ። የሦስት አውንስ፣ የአንድ ጭብጥ ኮረሪማ። ለገዢ ሁሉ በነጻ የሚጨምረው ምራቂ ነው፤ ስለማይሸጥ ዝርዝሩ ላይ የለም። ዘውድነሽ ታውቀዋለች። ኤልቃና ዋጋ ሳይቀር አውጥቶለታል።»

«ሠላሳ አምስት ሳንቲም» አለ ኤልቃና በቀጭን ድምፅ።

«ከዝርዝሩ በቀር የማያውቀው አንድ ሰው ነው። ሣጥኑም ያንኑ ይላል።» ጣቷን በሀብቶም ሣጥን ላይ አሳረፈች። «ቀሚሶቹን እርስዎ ቀየሯቸው። ተገኝ ቀይ ክሩን ፈልጎ አጣው። እሑድ በምእመናን ፊት ሊያወጣው ነበር። ብቻውን የሚሆንበትን ሰዓት ያውቃሉ፤ በማለዳ መጡ፤ ያመነዎት ሰው በሩን ከፈተልዎት። ሲመቱት ምራቂውን ጨብጦ ነበር፤ ምን እንደያዘ እንኳ ልብ አላሉም። ስልክዎን ለሳጅኑ ይስጡት።»

ሀብቶም ሳቀ፤ ሳቁ መካከል ላይ ተቆረጠ።

«የሠላሳ ዓመት ስሜን! በአንድ ክር!» ብሎ ጮኸ። «ለመንኩት! እግሩ ላይ ወደቅኩ! ‹ተነሱ ጋሼ፣ አያምርብዎትም› አለኝና ቀና ብሎ ሳያየኝ ማሸጉን ቀጠለ!»

የፕላስተር መሣሪያውን አንስቶ ወደ ሐምራዊት ጉሮሮ ሰነዘረ። ፍቅረማርያም ከሳጅኑ እጅ አምልጦ መካከላቸው ገባ። የብረቱ ጥርስ ጉንጩን ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ ዘልዝሎት ወረደ፤ ደሙ በነጩ ቀሚስ ላይ ተረጨ። ፍቅረማርያም ግን አልወደቀም። የታሰሩ እጆቹን አንድ ላይ አንስቶ ካቴናውን በሀብቶም አፍንጫ ላይ አወረደው፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ተሰበረ። ሳጅኑ ሀብቶምን ወለሉ ላይ ደፍቶ ክንዱን ሲጠመዝዝ፣ ሰውዬው አሁንም ከደሙ ጋር እየተፋ «በአንድ ክር! በአንድ ክር!» ይላል።

ሀብቶምን ሲወስዱት ሐምራዊት ራሷ የፍቅረማርያምን ካቴና ፈታች። ዘውድነሽ ጉንጩን በፋሻ ይዛለታለች።

«ልጄ፣ የፖሊስ ወረቀቱ ላይ ስሜ ይገባል?» አለ።

«ይገባል። ምስክር ተብሎ። ለወይዘሮ ብዙነሽ ዛሬ ይደውሉላቸው፤ ከእርስዎ በቀር ማንም ቀድሞ እንዳይነግራቸው።»

ኤልቃና ጫማውን እያየ ጉሮሮውን ጠረገ። «ዘውድነሽ፣ ላይክ… ጊዜው አይደለም። ግን ከእኛ ጋር ከሠራችሁ ያን ሠላሳ አምስት ሳንቲም እሰርዘዋለሁ።»

ዘውድነሽ መልስ ከመስጠቷ በፊት ፍቅረማርያምን አየችው።

«ሣጥኑን እናንተ ላኩልን» አለች ቀስ ብላ። «ማሸጉ እዚሁ ይቆያል።»

የሀብቶም ሣጥን ሚዛኑ አጠገብ እንደታሸገ ነበር። ፍቅረማርያም አንስቶ ሚዛኑ ላይ አኖረው፤ ሁለት ከሦስት አለ። ወደ ጆንያው ሄዶ አንድ ጭብጥ ዘገነና ክዳኑ ላይ አፈሰሰው። ሐምራዊት አልከለከለችውም። ቁጥሩ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያም ሁለት ፓውንድ ከስድስት ላይ ቆመ።