የባሻ ሙህዲን ፖስታ

ኢንስፔክተር ሀስና ስትደርስ ባሻ ሙህዲን በሚመሩት ትንሽ ሙዚየም ውስጥ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ነበር። ግንባራቸው የቴምብር አልበሙ ላይ አርፏል፤ ማጅራታቸው በደም ርሷል። ወለሉ ላይ የመድፍ ቀለህ ወድቋል። ቀለሁ የሙዚየሙ ዕቃ ነው፤ ባሻ በገዛ እጃቸው ወልውለው፣ ቁጥር ለጥፈው መደርደሪያ ላይ ያቆሙት። ሰው በወለወለው ዕቃ ተመትቶ ማየት ክፉ ነው፤ አላህ ለጠላትም አይስጠው።

ሐሙስ ነው፣ ወደ ስድስት ሰዓት ግድም። ኢድ ካለፈ ሳምንት ሆኖታል። የቆቦ ፀሐይ የጣራውን ቆርቆሮ ያንጣጣዋል፤ ውጭ ደግሞ ሰው ይንጫጫል።

«ሌባውን አውጡልን! ገዳዩን አውጡልን!»

የሚጠሩት ሐድጉን ነው። ሐድጉ ሚስማርና ቆርቆሮ ነጋዴ ነው፤ አባቱ ከአላማጣ ማዶ መጥተው ቆቦ የከተሙ። አምስት ሰዓት ላይ ሙዚየሙ ገብቶ «ሰው ሞተ!» እያለ የወጣው እሱ ነው፤ ባሻን ቀና ሲያደርግ እጁ በደም ተነክሮ። አሁን ጓዳው ውስጥ ፖሊስ ይጠብቀዋል።

«ኢንስፔክተር፣» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ፣ «ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው። ያኔ ሰዉ በሩን ይሰብራል። ሐድጉን አሁኑኑ ወደ ወልድያ እናሽሸው።»

«ካሸሸሁት ፈረድኩበት ማለት ነው። እስከ ዐስር በሩን ያዝልኝ።»

አንዴ ፈርዳበታለች። በጦርነቱ ጊዜ የሙዚየሙ በር ተሰብሮ በብር ያጌጠው የጥንት ጎራዴ ሲጠፋ፣ የባሻ የእህት ልጅ ሙንተሲር «ሐድጉ ይዞት ሲወጣ አይቻለሁ» አለ። ቃሉን ተቀብላ የጻፈችው ሀስና ናት። ሐድጉ ሰባት ወር ታሰረ። ሙንተሲር በዚያው ተከብሮ የሰፈሩ ጥበቃ አለቃ ሆነ።

ጠረጴዛውን አየች። ወረንጦ፣ አጉሊ መነጽር፣ ትንሽ ጣሳ፣ ጣሳው ውስጥ ስፖንጅ። በጣቷ ተጫነችው፤ እንደሰነበተ ዳቦ ደርቋል።

ባሻ በወታደርነታቸው ግንባር ላይ ፖስታ አዳይ ነበሩ። ለሞተ ወታደር የመጣውን ደብዳቤ መመለሱ አንጀታቸውን እየበላው፣ አንዳንዱን በደረት ኪሳቸው ይዘው ይከርሙ ነበር፤ የቴምብር ፍቅር ከዚያ ነው የጀመራቸው። የቦምብ ፍንጣሪ ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ስለወሰደባቸው ደብዳቤ ሲያስፈልጋቸው እሳቸው እየተናገሩ ሙንተሲር ይጽፍላቸዋል።

በመጀመሪያ የሙዚየሙን ዘበኛ ከበደን ጠራች።

«ማን ገባ፣ ማን ወጣ?»

«ሙንተሲር ሦስት ሰዓት ገባ፣ ብዙ ሳይቆይ ወጣ። ከዚያ ሐድጉ ነው። ሌላ ሰው በዚህ በር አላለፈም።»

«አንተስ? ‹ትተኛለህ› ብለው ሊያባርሩህ ነበር አሉ።»

«ወይ ኢንስፔክተር! እሳቸው ሊያባርሩት ያልተነሱት ሰው ማን አለ? ‹እጅህ ቅባት ነው› ብለው አልበሙን ሳልነካው ያስታጥቡኛል። ቴምብር እኮ በወረንጦ ይዘው፣ ስፖንጁ ላይ ዳበስ አድርገው፣ እንደ ሙሽራ ነው! ለእኔ ‹እንደምን አደርክ› እንኳ በዓመት አንዴ ነው።»

የባሻ ሚስት እትዬ ቶይባ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አላለቀሱም።

«ጠላት ነበራቸው እትዬ?»

«ጠላቱ የራሱ ምላስ ነው፤ እውነት ካወቀ አያድርም። ማክሰኞ ዋጃ እህቱ ቤት ሄዶ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። ብጠይቀው ‹ጁምዓ ትሰሚያለሽ› አለኝ። ዛሬም አልተናገረም። ሱሁሩን አቀረብኩለት፣ ሱብሂ ሰገደ፣ ወጣ። አርባ ዓመት ስኖር እንዲህ ዝም ብሎኝ አያውቅም፣ ልጄ።»

«የዋጃዋ እህታቸው የሙንተሲር እናት ናቸው?»

«አዎ፣ እናቱ ናት።»

ሀስና ወጥታ ለአንዱ ፖሊስ በጆሮው አንሾካሾከችለት። ሞተር ሳይክሉን አስነስቶ ወደ ዋጃ በረረ።

ሐድጉ ጓዳው ውስጥ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ጻፊ እንጂ። ሰባት ወር ያሳሰርሽኝ አንቺ ነሽ። ዛሬስ ስንት ዓመት ቆረጥሽልኝ?»

«ትናንት ባሻ ላይ ጮኸህ ነበር።»

«ጮኼአለሁ! ጠርቶ ‹ጎራዴውን አንተ እንዳልወሰድክ ደርሼበታለሁ፤ ጁምዓ በሰው ፊት እናገራለሁ› አለኝ። ‹ለምን ዛሬ አትናገርም? ልጄ ትምህርት ቤት የሌባ ልጅ እየተባለች ነው!› አልኩት። አሁንም ያንኑ ልለምነው ነው የመጣሁት።»

«ማን እንደወሰደው ነገረህ?»

«አልነገረኝም። አፈረ።»

ሙንተሲር ሳይጠራ መጣ። ሰዉ ለሁለት ተከፍሎ አሳለፈው።

«እታለም ሀስና፣ ምን ያደክምሻል? ያለቀ ነገር እኮ ነው።» ከኪሱ የታሸገ ፖስታ አወጣ። «ዛሬ ሦስት ሰዓት አጎቴ እየነገረኝ የጻፍኩት ነው፣ ለዞን ፖሊስ። ‹ሐድጉ ሊገድለኝ ዝቷል› ይላል። ፖስታ ቤት ሳላደርሰው ሞቱን ሰማሁ።»

«ቴምብሩን ማን ለጠፈው?»

«ራሱ ነዋ! ያ ሰውዬ ቴምብር ለሰው ይሰጣል? በምላሱ ላስ አድርጎ፣ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ሰጠኝ።»

«በፊትህ?»

«በዓይኔ በብረቱ! ወላሂ!»

የሚዋሽ ሰው ያልጠየቁትን ይጨምራል። ሀስና ፖስታውን በመሐረብ ተቀበለችው።

የሆስፒታሉ ሐኪም አስከሬኑን አይቶ ከፈቀደ በኋላ ባሻ ታጥበው ተከፈኑ። ዐስር ሶላት ሲቃረብ ሀስና ሁሉንም ሙዚየሙ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ሼህ ዘይኑዲንም ሰዉን ወክለው ገቡ። መስኮቱን ሆን ብላ አስከፈተችው። ውጭ ያለው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

«ደብዳቤው እውነት ከሆነ፣» አለች፣ «ሙንተሲር ሲወጣ ባሻ በሕይወት ነበሩ፤ ገዳዩም ሐድጉ ነው።»

«አላልንም?» አለ አንዱ ከመስኮት።

«ቆይ። ባሻ ቴምብር የሚያረጥቡት በስፖንጅ ነው። ስፖንጁ ደግሞ ደረቅ ነው፤ ዛሬ ውሃ አልነካውም።»

«ለዚህ ነዋ የላሰው!» ሙንተሲር ሳቀ። «ደርቆበት! ለዚህ ነው ሰው የሰበሰብሽው?»

ከውጭም ሳቁባት። ሀስና እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። እትዬ ቶይባ፣ ሌሊት ለባሻ የጾመኛ ምግብ፣ ሱሁር ያቀረቡት ለምንድን ነው? ረመዳን አልቋል።»

«ከረመዳን ቀጥሎ የሸዋልን ስድስት ቀን ይጾም ነበር። ‹ለሰው አትንገሪ› ይለኛል።»

ሳቁ ቆመ። ሼህ ዘይኑዲን መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉ።

«እውነቷን ነው። የሱና ጾም የውዴታ ነው፣ ይደበቃል፤ በጾመኛውና በአላህ መካከል ነው። ጾመኛ ሙጫ አይልስም። ሙህዲንማ ከሶላት በፊት ለውዱእ ሲጉመጠመጥ እንኳ ጠብታ እንዳትወርድበት የሚሳቀቅ ሰው ነበር።»

«ረስቶ ነዋ! ሰው አይረሳም?»

«ይረሳል፣» አለች ሀስና። «ምራቅ ግን የባለቤቱን ማንነት አይረሳም። የላሰው ሰው ምራቅ እዚሁ ቴምብሩ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ ልኬ አስመረምረዋለሁ። የአጎትህ ከሆነ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እግርህ ላይ እወድቃለሁ። እስቲ የአንተንም እንውሰድ፤ አፍህን ክፈት።»

ሙንተሲር አፉን ገጠመ።

ያን ጊዜ ፖሊሱ ከዋጃ ተመለሰ፤ የያዘውን ማዳበሪያ ጠረጴዛው ላይ ፈታው። በብር ያጌጠው ጎራዴ ነው።

«የማሽላ ጉድጓድ ውስጥ ነው ያገኘሁት። እናቱ ‹ልጄ አደራ ብሎ ያስቀመጠው ነው፤ ማክሰኞ ወንድሜ አየው፤ ለልጄም ይህንኑ ነገርኩት› እያለች ታለቅሳለች።»

«ባሻ ያፈሩት ለዚህ ነበር፣» አለች ሀስና። «ሌባው የገዛ እህታቸው ልጅ ሆነባቸው። ጁምዓ የሐድጉ ስም ሲጸዳ የሚቆሽሸው ስም አንድ ብቻ ነው፤ በሐሰት የመሰከረው። ሙንተሲር ይሄን ያውቅ ነበር። ጠዋት ገብቶ ለመናቸው፣ እምቢ አሉት፣ መታቸው። ከዚያ ደብዳቤውን ጻፈ፣ ቴምብሩን ራሱ ላሰው። ጾመኛ አይደለማ!»

«ለባዕድ ብሎ!» ሙንተሲር ጮኸ። «የእህቱን ልጅ፣ በጁምዓ፣ በሰው ሁሉ ፊት! ‹ተወው አጎቴ፣ ተረስቷል› ብዬ እግሩ ላይ ወደቅኩ። ጀርባውን ሰጠኝ! አልበሙን ይገልጣል!»

እትዬ ቶይባ ተነስተው ፊት ለፊቱ ቆሙ። ሊመቱት መስሎት ሸሸ። እሳቸው ግን አዩት ብቻ፣ አዩትና ፊታቸውን አዞሩ።

ሀስና ወደ መስኮቱ ዞረች። «ያኔ የዚህን ሰው ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሐድጉን ያለ ጥፋቱ አሳስሬዋለሁ። የሰማ ላልሰማ ይንገር።»

ውጭ ያሉት እነዚያው ድምፆች አሁን «ሙንተሲርን አውጡልን!» ማለት ጀመሩ። ሀስና ንዴቷን ዋጥ አድርጋ፣ እጁን በካቴና አስራ በጓዳ በር አስወጣችው።

ጀናዛው በቃሬዛ ሲነሳ ሐድጉ ግቢው ጥግ ቆሞ ነበር። ጠጋ ሲል የቃሬዛውን ጫፍ የያዘ ጎረምሳ በክርኑ ገፋው።

«አንተ ወዲያ ሁን።»

«ጫፉን ልቀቅለት፣» አሉ እትዬ ቶይባ ከደጁ።

«እትዬ፣ እሱ እኮ…»

«ልቀቅለት አልኩህ! ባሌ በሰው ፊት ሊመሰክርለት ቃል ገብቶ ነው የሞተው። በሰው ፊት ይሸከመው።»

ጎረምሳው ሳያየው ለቀቀ። ይቅርታ ያለው ሰው አልነበረም። ሐድጉ ትከሻውን አስገባ። መንገዱ መሃል ላይ ቃሬዛው ጋደል ሲል ከኋላ አንድ ሰው፣

«ሐድጉ፣ በቀኝህ ዝቅ አድርገው፣» አለ።

ሐድጉ ዝቅ አደረገው።