ያልተጠየቀ ጉማ

ጤናዬ ጎበና የናዝሬት ፍርድ ቤትን የመዝገብ ቤት በር ያንኳኳችው ነፍሰ ገዳይ ፍለጋ ነበር። ነፍሰ ገዳዩ አያቷ ነው።

«ጓድ፣ የድሮ ዶሴ ፈልጌ ነበር።»

ከመደርደሪያዎቹ ጀርባ ፀጉሩን አቧራ ያለበሰው ወጣት ብቅ አለ። «ያለን የድሮ ብቻ ነው። የማን ነው?»

«የአያቴ። አብተው ይባላል። በጃንሆይ ጊዜ ባላባት ገድሎ ታስሯል።»

«በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ አያት መታደል ነው» አለ። ቀልዱን ይሁን ምሩን አልለየላትም።

እውነትም መታደል ነበር። ጤናዬ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት። ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት እንድትሄድ ታጭታ ግለ ታሪኳን ከነማስረጃው እንድታቀርብ ተነግሯታል። አባቷ አቶ ጎበናም በአብዮቱ ማግስት የቀበሌ ሊቀ መንበር የሆኑት «ባላባት የጣለው የአብተው ልጅ» ተብለው ነው። የፍርዱን ወረቀት በዓይኑ ያየ ሰው ግን አልነበረም።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ጃራ ይባላል። ዶሴዎቹ ከመጋዘን ወደ መጋዘን ሲዛወሩ ተደበላልቀዋል፤ ጣሪያው አፍስሶባቸው የተጣበቁም አሉ። ጤናዬ የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ እየመጣች አብራው መፈለግ ጀመረች። እሱ ገጾቹን በቢላ ጫፍ ያላቅቃል፤ እሷ ታነባለች። ከብት የነዳ፣ ድንበር የገፋ፣ ሚስቱን የደበደበ።

«ሰው ሁሉ ወንጀለኛ ነበር እንዴ?»

«ደጎቹ ዶሴ የላቸውማ።»

ምሳዋን ይዛ ትመጣና ከአንድ ሳህን ይበላሉ። አንድ ቀን ሲያጎርሳት እጁ ከከንፈሯ ዘግይቶ ተነሳ። ከዚያ ወዲህ ዶሴው ባይገኝ ደስ እንደሚላት ከራሷ አልደበቀችም።

ግንቦት ሲያልቅ ጃራ፣ «እናቴ ወለንጪቲ ናት። ክረምቱ ሳይገባ ሽማግሌ እንልካለን» አላት።

«ሶቭየትስ?»

«ደብዳቤ ይደርሳል ይባላል።»

በሳምንቱ ስትመጣ ቢላውን አስቀምጦ፣ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል። ሳህኑን ከፈተችው። ሊታጠብ አልተነሳም።

«ብላ እንጂ።»

«ጠግቤያለሁ።»

«ያለ እኔ በላህ? ጉድ ነው» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ጠቅልላ ልታጎርሰው ስትል ፊቱን አዞረ። እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ሌላ ሰው አለ?»

«ዶሴው ተገኘ» አለ።

ቆማ አነበበችው። አብተው ባላባት አልገደለም። የባላባቱ ጠብመንጃ ያዥ ነበር። የገደለው፣ ከብቶችህ አዋሽ ዳር የባላባቱን ሣር ጋጡ ብሎ፣ አንድ ጭሰኛ ነው። የሟች ስም ወዬሳ ይላል።

«ወዬሳ የአባቴ አባት ነው» አለ ጃራ።

«ታዲያ የአያቴን ስም ስነግርህ…»

«የገዳይ ስም እኛ ቤት አይጠራም። ‘ያ ሰውዬ’ ነው የሚባለው። ወገኖቹ ሽማግሌ ይዘው፣ በድለናል ብለው የደም ካሳውን፣ ጉማውን፣ ካልከፈሉ ደሙ አይደርቅም። እስከዚያ ከዘሩ ጋር አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይጋባም። የአንቺ ሰዎች አልመጡም። ባላባቱ፣ መንግሥት ቀጥቶታል፣ ይበቃል ብሎ አስቀራቸው።»

«አንተ በዚህ ታምናለህ?»

«ላለማመን ሞክሬያለሁ። ሳህኑን ስትከፍቺው አንጀቴ እምቢ አለኝ።»

ጤናዬ ሳህኗን ከደነች። «እንግዲያው ጉማው ይጠየቅ» አለች።

አቶ ጎበና ከዶሴው በእጇ ጽፋ ያመጣችውን ፍርድ እስከ መጨረሻው አነበቡት። አልደነገጡም።

«ያውቁ ነበር፣ አባባ።»

«እስር ቤት ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። እንዴት አላውቅ?»

«ሽማግሌ ይዘው ይሂዱላቸው። ይታረቁ።»

«ሄጄ ምን ልበል? አባቴ የባላባት ሎሌ ነበር ልበል? ከዚያ ስብሰባ ላይ ማን ሆኜ ልቀመጥ ነው?» ወረቀቱን አጥፈው መለሱላት። «ሙታን ላስታርቅ ብለሽ እኔን በቁሜ አትቅበሪኝ።»

አጎቷ አለማየሁ ጉማውን ለመክፈል ፈቃደኛ ነበር። «ግን ታላቄ በሕይወት እያለ በአባታችን ደም ላይ እኔ አፍ የለኝም» አላት።

ጤናዬ ግለ ታሪኳን እውነቱንም ሐሰቱንም መጻፍ አቅቷት ሳታስገባ ቀረች። ሰኔ ውስጥ በአንዱ እሁድ ከጃራ ጋር ወደ ወለንጪቲ ሄደች።

የጃራ እናት ወይዘሮ ጫልቱ ከአጥሩ ውጭ፣ ከግራር ሥር ጠበቋት። «ቤት ግቢ» አላሏትም። ፀሐዩ ያቃጥላል።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺን አልጠላሁም» አሏት። «ሲያይሽ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን አሁን አየሁት። ውሃ ግን ልሰጥሽ አልችልም። እንደጠማሽ ትመለሻለሽ። አባትሽ የመጣ ዕለት አብረን እንጠጣለን።»

«ባይመጡስ?»

ወይዘሮ ጫልቱ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ።

ጃራ እስከ አስፋልቱ ሸኛት። ወደ አሰብ የሚወርዱ ከባድ መኪናዎች አቧራ እያለበሷቸው ያልፋሉ። የሱም ከንፈር ደርቋል፤ ከጠዋት ጀምሮ እሱም አልጠጣም ነበር።

«እጠብቅሻለሁ» አላት።

«ምን እስኪሆን?»

ዓይኑን ወደ መኪናዎቹ መለሰ።

«ንገረኝ እንጂ። አባባ እስኪሞቱ ነው? ገና ሃምሳ ዓመታቸው ነው።»

ጃራ መሬት መሬቱን አየ። አይደለም አላላትም። አውቶቡሱ ሲቆም በሩን ይዞላት ተሳፈረች፤ እስኪንቀሳቀስ ድረስ በመስኮቱ ተያዩ።

በማግስቱ ጠዋት አቶ ጎበና ለስብሰባ ካኪያቸውን እየለበሱ ሳለ ሳል ያዛቸው። ክረምት ሲገባ የሚነሳባቸው የቆየ ሳል ነው። ጤናዬ የተማሪዎቿን ደብተር ማረሟን አቁማ አዳመጠች። ሳሉ ረዘመ፤ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ፤ እሷ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ምን እያዳመጠች እንደነበር የገባት ሳሉ ጋብ ካለ በኋላ ነው።

ተነስታ ውሃ ቀዳችላቸው። ብርጭቆውን ሲቀበሏት፣ «ተባረኪ ልጄ» አሏት። ጠጥተው እስኪጨርሱ ድረስ ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም።