ወደ ላይ የተቆረጠ ከፋይ

አባቴ ካውያውን ሲያነሳ እጅጌውን ሊተኩስ መስሎኝ ነበር። የረጅሙ እጅ ላይ ጫነው።

ሽታውን አልናገርም።

ረጅሙ የምንለው ቆራጫችንን ነው። ከሌላ ስፌት ቤት የመጣ ነው፤ በዝናብ፣ መቀሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ። በሩ ላይ ያገኘው እኔን ነበር። ቆራጭ ትፈልጋላችሁ ወይ አለኝ። ጎንበስ ብለህ ግባ አልኩት። አልሰማኝም፤ ከጉበኑ ጋር ተላተመ። ግንባሩን እያሸ ሳቀ። እኔ በሰው ፊት አልስቅም። ያን ቀን ሳቅኩ። ሳይውል ሳያድር «እሾህ» ብሎ ስም አወጣልኝ።

ጠዋት ጠዋት ማሽኔ ላይ ቁራጭ ጨርቅ ያስቀምጥልኛል። ጨዋታው ዓይን ጨፍኖ በጣት ብቻ ማወቅ ነው። ሐር። ሱፍ። ሳቲን። አንድ ቀን ጨርቅ አልነበረም፤ መዳፉ ነበር። አላወቅኩትም አልኩ። እጄን ግን አላነሳሁም።

ስፌት ቤታችንን ያቆመው አያቴ ነው። ሲጀምር የጨርቅ መግዣ ስላልነበረው የፈረሰ ቲያትር ቤት መጋረጃ አነሳ፤ ጥቁር ከፋይ። ከፋይ እንደ ድመት ጀርባ ነው፤ ጸጉሩ ወደ አንድ በኩል ይተኛል። የትም አገር ያለ ሰፊ ጸጉሩን ወደ ታች አድርጎ ነው የሚቆርጠው። የአያቴ መጋረጃ ግን ታችኛው ጫፉ በስብሶ ነበር፤ ካልተገለበጠ ካፖርት አይወጣውም። ገልብጦ ቆረጠው። ጸጉሩ ወደ ላይ ሲሆን ብርሃን ይውጣል፤ ጥቁሩ ከጥቁር ጠቆረ። ሀብታም ሴቶች ይሄን ጥቁር ከየት አመጣኸው እያሉ በሩን አጨናነቁት። ያ ካፖርት ሁልጊዜ አዳራሹ መሀል የእንጨት አሻንጉሊት ላይ ይቆም ነበር። ከዚያ ወዲህ የሠራነው ሁሉ የሱ ልጅ ነው።

ሌላ ስፌት ቤት የወረቀት ቅዱ ላይ ቀስት አለ፤ ጸጉሩ በየት በኩል እንደሚሄድ ያሳያል። እኛ ጋ የለም። አባቴ ይሰርቁናል ብሎ ይፈራል። ለአዲስ ሠራተኛም አይነገርም፤ ዓይን ካለው ይይ ነው። ሴት ደግሞ ትሰፋለች እንጂ ጨርቅ ላይ መቀስ አታሳርፍም። ይሄም የቤቱ ሕግ ነው።

ከፋዩን የሚሸምነው ፋብሪካ ተዘግቷል። የቀረን አንድ ጥቅል ነበር። የመጨረሻውን ካፖርት አካል አባቴ ቆረጠ፤ እኔ ጓዳ ገበር ስሰፋ እጅጌዎቹን ረጅሙ ቆረጠ። እንደተማረው፣ ወደ ታች። ሲገጣጠም አካሉ ጥቁር፣ እጅጌው አመድ ሆነ።

አባቴ አየ። ካውያውን አነሳ።

ረጅሙ ጮኸና በቴስታ መታው። ጠረጴዛው ተገለበጠ። መርፌው፣ ክሩ፣ ጠመኔው ወለሉ ላይ ተበተነ፤ እነሱም እላዩ ላይ ተንከባለሉ። አባቴ አርጅቷል፣ ግን ዕድሜ ልኩን መቀስ የጨበጠ ክንድ ነው ያለው። በዚያ ክንድ የረጅሙን አንገት ቆለፈው። የረጅሙ ፊት ወይን ጠጅ ሆነ።

ሰፊዎቹ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል። አክስቴ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ አባትሽ ነው፣ ተይ፣ አባትሽ ነው ትለኛለች። ቀሚሴን መንጭቄ ሄድኩ።

መቀሱን ከወለል ሳነሳ አክስቴ እሪ አለች፤ አባቴን የምወጋው መስሏታል። ወደ አያቴ ካፖርት ሄድኩ። አንዱን ስለት አንገትጌው ውስጥ ከተትኩ።

«ልቀቀው።»

«አትደፍሪም።»

«አባባ፣ ይሞትብሃል። ልቀቀው።»

«ከነካሽው ልጄ አይደለሽም።»

ቆረጥኩት። ከአንገት እስከ ጫፍ። ከፋይ ሲቆረጥ የማኘክ ድምፅ ነው ያለው። በሕይወቴ የቆረጥኩት የመጀመሪያው ጨርቅ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወጣ።

የአባቴ ክንድ በራሱ ላላ። መጥቶ በጥፊ አጮለኝ። ጥርሴ ከንፈሬን በጣው። ለሁለተኛው እጁን ሲያነሳ ረጅሙ ከኋላ ያዘው፣ በዚያው በተቃጠለው እጁ። ቆዳው አባቴ ሸሚዝ ላይ ቀረ።

አባቴ ድምፁን ሳያነሳ ከቤቴ ውጡ አለ። ወጣን።

መንገድ ላይ የረጅሙን እጅ በቁራጭ ሐር ጠቀለልኩለት። እኔ ደም እተፋለሁ።

«እሾህ፣ ይሄ ምን ጨርቅ ነው?»

«ዝም በል።»

«የምሬን ነው። ጣቴ አልነግርህ አለኝ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት።

ቁስሉ ዳነ፤ ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። መቀስ አይዝም። አንድ ክፍል ተከራየን። ተጋባን። የሆስፒታል ጋዋን እንሰፋለን። እሱ ይለካል፣ ይወጥራል፣ ይነዘንዘኛል። ቆራጯ እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ብዙ ጨርቅ አበላሽቻለሁ። አንድ ቀን ተናድጄ መቀሱን ወረወርኩበት፤ ጎንበስ ማለት የተማረው ያን ቀን ነው።

ክረምቱ ሲወጣ አባቴ ሳይጠራ መጣ። በሩን የከፈተው ረጅሙ ነው። አባቴ ያንን እጅ አየ። አፉን ሊከፍት ሲል ረጅሙ በደህናው ግራ እጁ መንጋጋው ላይ አሳረፈበት። አባቴ ደጃፉ ላይ ተዘረረ። እኔ ካለሁበት አልተነቃነቅኩም።

ረጅሙ ወንበር አመጣ።

«ይቀመጡ፣ አባባ።»

አባቴ ተነስቶ ተቀመጠ። ይቅርታ አላለም፤ ያንን ቃል አፉ አያውቀውም። ረጅሙም አልጠየቀውም። አባቴ መንጋጋውን ይዞ ቀና አለ።

«ልጄን ታኖራታለህ?»

«እሷ ናት የምታኖረኝ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ነጭ ጨርቅ አየ። የያዝኩትን መቀስ አየ። ቶሎ ዓይኑን አላነሳም። ከዚያ አፉን በመሀረቡ ጠረገና መጥቶ የጨርቁን አንድ ጫፍ ወጥሮ ያዘ። ሌላውን ጫፍ የያዘው ረጅሙ ነው።

«ቁረጪ» አለኝ አባቴ።

ረጅሙን አየሁት። ጫፉን አልለቀቀም።

ቆረጥኩ።